እቴቴ «የጓሮ በር የሌለው ቤት አልገባም» አለች

ልጄን ይዤ ሐይቅ የሄድኩት ሰው እንዲረዳ ብዬ አልነበረም። እውነቱን ለመናገር፣ አሥራ አምስት ዓመት የሞላውን ወንድ ልጅ አዲስ አበባ ላይ ብቻውን ጥዬ መሄድ ፈርቼ ነው። እሱም ደስ ብሎት አልተከተለኝም። መንገዱን ሙሉ በጆሮው የሰካውን ነገር ሳያወልቅ፣ ደሴን አልፈን ወደ ሐይቅ የሚወስደውን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ስንጀምር ብቻ ነው ቀና ብሎ በመስኮት ማየት የጀመረው። ያየውንም ምን እንደሆነ አልጠየቀኝም።

ጊዜው ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ነው። በጥቅምት ጦርነቱ ወደ ደሴና ወደ ሐይቅ ሲዘልቅ የእናቴ ስልክ ጠፋ። ከአርባ ቀን በላይ ድምጿን ሳልሰማ ቆየሁ። ያን ጊዜ ዘመድ ወሎ የነበረው ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ስልክ ተደውሎ «ይህ ቁጥር ለጊዜው አገልግሎት አይሰጥም» ሲባል የሚሰማውን ስሜት ማስረዳት አያስፈልገኝም። በኅዳር መጨረሻ መንገዱ ሲከፈት የመጀመሪያው ወሬ የደረሰኝ በሰው በሰው ነው፤ «እናትሽ አለች» የሚል። ሌላውን አልጠየቅኩም።

የእናቴ ቤት ከከተማዋ ወጣ ብሎ ከውኃው ዳር ነው። ሐይቅ ሐይቅ ስንል እንግዳ ሰው ይስቃል፤ ከተማዋም ሐይቅ፣ ውኃውም ሐይቅ። ቤቷ ተበርብሯል፤ ብርድ ልብስ፣ ምጣድ፣ የዘር ጤፍ፣ የአባቴ ሬዲዮ ሳይቀር ሄዷል። ግን ቆሟል። ከጀርባው ያለው የእቴቴ ቤት ነበር ያልቆመው። ጣሪያው ተቃጥሎ፣ ግድግዳው በሁለት በኩል ተንዶ፣ መሐል ላይ አንድ ምሰሶ ብቻ ጠቁሮ ተገትሯል። እቴቴ እናቴ ዘንድ አድራ፣ ጠዋት ጠዋት ግን ሄዳ ያንን ምሰሶ ተደግፋ ትቀመጣለች። ምን ታደርጊያለሽ ሲሏት «ቤቴን እጠብቃለሁ» ትላለች።

እቴቴ ማን እንደሆነች ልንገራችሁ። የጡት እናቴ ናት። እኔ ስወለድ እናቴ ታማ ወተቷ ደርቆ ነበርና፣ የራሷን ልጅ ታጠባ የነበረችው ጎረቤታችን ሁለታችንንም ይዛ ከረመች። እሷ ሙስሊም ናት፤ እኛ ክርስቲያኖች ነን። ይህንን ወሎ ውስጥ ብናገር ማንም ዞር ብሎ አያየኝም። አያቱ ሼህ፣ አጎቱ ቄስ የሆነ ሰው በየመንደሩ አለና። ለሌላው አገር አንባቢ ግን መጥቀስ አለብኝ፤ የቀረውን ለመረዳት ያስፈልጋልና።

የመጀመሪያዋ ሌሊት መብራት አልነበረም። እናቴ ለልጄ የሐይቁን አፈ ታሪክ አወራችለት፤ እኔ በልጅነቴ መቶ ጊዜ የሰማሁትን። ውኃው ያለበት ቦታ ድሮ ደረቅ መሬት ነበር፤ አንዲት ነፍሰ ጡር በአንዲት የንጉሥ ልጅ ተበደለች፤ እግዚአብሔርም ተቆጥቶ እሷ ከተቀመጠችበት መሬት በቀር ዙሪያውን ውኃ አደረገው። የተቀመጠችበት ደሴት ሆነ። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ተማሪዎቻቸውን ያስተማሩበት የእስጢፋኖስ ገዳም ያለው እዚያ ላይ ነው፤ ዛሬ ግን ውኃው ሸሽቶ ከየብሱ ጋር ተያይዟል። ሴት አይገባበትምና እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ከወዲህ ማዶ ሆኜ ነው የማውቀው።

ልጄ ጸጥ ብሎ ሰማና «ከዚያ ሴትየዋን ማን ረዳት? ደሴት ላይ ብቻዋን ቀረች አይደል?» አለ።

እናቴ አሰብ አድርጋ «እሱን አልነገሩንም» አለች።

በሦስተኛው ቀን በጎ ፈቃደኞቹ መጡ። ከአዲስ አበባና ከደሴ የተሰባሰቡ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው፤ አሥራ አራት ይሆናሉ። ግማሾቹ ተማሪዎች፣ ሁለቱ አናጺዎች፣ አንዷ ነርስ። ገንዘቡን ከየአጥቢያቸው ለምነው፣ ቆርቆሮና ሚስማር በአይሱዙ ጭነው ነው የመጡት። ከቀበሌ የቤታቸው ጣሪያ የሄደባቸውን ሰዎች ዝርዝር ተቀብለዋል፤ ዝርዝሩ ውስጥ የመስቀልና የጨረቃ ልዩነት አልነበረም። ይህን ስመለከት ደስ አለኝ። እንዲያውም ከመጀመሪያዎቹ አራት ቤቶች ሦስቱ የሙስሊም ነበሩ፣ የአቅመ ደካማ ቤት ይቅደም ስለተባለ።

አስተባባሪያቸው ጥሩ ልጅ ነው፤ የተሰለፈ ደብተር ይዞ ይዞራል። ሒሳቡን አሳየኝ። አራት በአምስት ሜትር ቤት፣ አንድ በር፣ ሁለት መስኮት፣ ለአንድ ቤት ሃያ ሁለት ቆርቆሮ። ለአንድ ቤት ሦስት ቀን። በዚህ ስሌት እስከ ገና አራት ቤት ቆሞ እነሱም ለበዓሉ ቤተሰባቸው ጋ ይደርሳሉ።

እቴቴ ዘንድ ሄደው ይህንን ሲያስረዷት ከምሰሶዋ ሳትነሳ አዳመጠቻቸው። መረቀቻቸው። ከዚያ «የጓሮ በሩስ?» አለች።

«እማማ፣ በር አንድ ነው የያዝነው። የበር ዋጋ...»

«የጓሮ በር የሌለው ቤት አልገባም።»

ልጆቹ የቀለደች መስሏቸው ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። ልጁ በትሕትና ደጋግሞ ነገራት፤ ለሁለተኛ በር ገንዘብ እንደሌለ፣ ቤቱ ትንሽ ስለሆነ አንድ በር እንደሚበቃው፣ ከሷ በኋላ የሚጠብቁ ሦስት ቤቶች እንዳሉ። «እንግዲያው እነሱን ሥሩላቸው፤ እኔ እቆያለሁ» አለች። ብርድ ነው፤ ዕድሜዋ ከሰባ አልፏል፤ ሌሊት ሌሊት ያስላታል።

እኔ አፈርኩ። ይህን አልደብቅም። እንግዳ ልጆች ከአዲስ አበባ ድረስ መጥተው ቤት ልሥራልሽ ሲሉ እንዲህ ይባላል ወይ ብዬ ተቆጣሁ። ማታ እናቴ ምድጃ ዙሪያ ቁጭ ብለን «እቴቴ፣ ልጆቹን አሳዘንሻቸው እኮ» አልኳት። ልጄም ነበረ። ሁሉንም ነገር ልጄ ፊት ማውራቴ ትክክል መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው።

«አንቺ በስልሳ ስድስት ስንት ዓመትሽ ነበር?» አለችኝ።

አራት።

«አታስታውሽም። እኔ ግን አልረሳም።»

የ1965 እና የ1966 ድርቅ ወሎን ሲመታ አባቴ አስተማሪ ነበርና ደመወዙ አቆየን። የእቴቴ ባል ገበሬ ነው፤ በሬዎቹ አለቁ፤ ዘሩን በሉት፤ ከዚያ ልጆቻቸውን ይዘው እንደ ሌላው ሕዝብ ወደ አስፋልቱ ወጡ። መንግሥት ጉዳዩን ይሸፋፍን ነበር። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ወርደው ያነሡትን ፎቶግራፍ ካምፓስ ውስጥ ባያሳዩ፣ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛም ፊልሙን ባያስተላልፍ ኖሮ ዓለም የሚሰማው መቼ እንደነበር እንጃ። ከዚያ ዕርዳታው መጣ፤ ከመጡትም ብዙዎቹ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ነበሩ። ዕርዳታውን ለማስተባበር እ.ኤ.አ. በ1973 የክርስቲያን ድርጅቶች ተሰባስበው የመሠረቱት ኅብረት ዛሬም አዲስ አበባ ውስጥ ይሠራል።

እቴቴ ደሴ መጠለያ ገባች። ዱቄት ወተትና ብርድ ልብስ ሰጧት፤ ሁለቱ ልጆቿ ተረፉ። «ሕይወቴን አትርፈውልኛል። አላማቸውም። ነጭዋም ጥቁሯም ሲስተር ሌት ተቀን ነበር የሚሠሩት» አለች። «ግን የገባሁ ዕለት ለቅማል ብለው ፀጉሬን ላጩኝ። መላጨቱ ልክ ነው፤ ያ በሽታ ስንቱን ፈጅቷል። ግን ማንም ልላጭሽ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም። ራሴን ይዞ ደፋ አደረገኝ፣ አለቀ። ስሜን የጠየቀኝ ከስንት ቀን በኋላ ነው።» እጇን ወደ ሻሿ ሰደደች። «ይሄው ሃምሳ ዓመት ሊሆነው ነው።»

ከዚያ የጓሮ በሩን ነገር አወራች። እኔ እስከዚያች ሌሊት አላውቀውም ነበር። እቴቴ መጠለያ ሳለች ሰባት ወር ቤቷ ሰው አልነበረበትም። ሰው የሌለው ቤት ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ ምስጥ ይበላዋል፣ ጣሪያው ይወርዳል፣ እንጨቱን መንገደኛ ይነቅለዋል፤ ወና ይሆናል። እናቴ ግን በዚያች በጓሮ በር በየጠዋቱ እየገባች ትጠርግ፣ ምድጃው ላይ እሳት ታነድ ነበር። ጭስ የሚወጣበት ቤት ባለቤት አለው ይባላልና። እቴቴ ስትመለስ አመዱ ትኩስ ነበር። እኔም በሕፃንነቴ ለጡት የተመላለስኩት በዚያው በር ነው። እሳት የሚጫረው፣ ስኒ የሚዋሰው፣ ሰው ሲታመም የሚጮኸው በዚያው በር ነው። የፊት በር ወደ መንገዱ ነው፤ እንግዳ የሚገባበት።

«እነዚህ ልጆች ቤት ይሠሩልኛል፤ አላህ ይስጣቸው። ነገ ግን ይሄዳሉ። እኔ የምኖረው ከእናትሽ ጋር ነው» አለች።

ማንም አልተናገረም። እናቴ ግን ተነሥታ ወደ ማድ ቤቷ ሄደች። መቀርቀሪያውን ስታንኳኳ ይሰማናል። ተመልሳ «የማድ ቤቴን በር ንቀሉላት። እኔ በማዳበሪያ እጋርደዋለሁ» አለች።

ጠዋት ልጄ ያንን በር ተሸክሞ ሄደ። ብቻውን አልቻለምና ከአንድ የሠፈሩ ልጅ ጋር። አስተባባሪው በሩን አየ፣ እናቴን አየ፣ ደብተሩን ከፈተና አንድ ገጽ ሰረዘ። ከዚያ ያደረገውን ነገር ነው እስከ ዛሬ የማመሰግነው፤ እቴቴ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለና «እሺ እማማ፣ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ፤ ምድጃው የት ነበር?» አላት።

ሥራው በሦስት ቀን አላለቀም። አሁን ሳስበው በምንም መንገድ ሊያልቅ አይችልም ነበር፤ ሒሳቡን የሠራው ሰው የጭቃ ቤት ሠርቶ አያውቅም። እንጨቱን ማቆም፣ ወራጁን ማያያዝ፣ ቆርቆሮውን መምታት በሁለት ቀን ይደረሳል። ጭቃው ነው ጉዱ። አፈሩ ተቆፍሮ፣ ጭድ ገብቶበት፣ ውኃ ጠጥቶ፣ በእግር እየተረገጠ ቀናት መሰንበት አለበት። ጭዱ በስብሶ ከአፈሩ ጋር ካልተዋሐደ ግድግዳው ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በመጀመሪያው ክረምት ይረግፋል። ከተመረገ በኋላም ደርቆ፣ ተሰንጥቆ፣ ስንጥቁ በሁለተኛ ምርጊት ይዘጋል። የሠፈሩ ሽማግሌዎች ይህንን ሲነግሯቸው ልጆቹ ተደናገጡ። ሽማግሌዎቹ ግን ቀድመው መክረው ነበር፤ ቅሬው ጅጌ ይወጣል አሉ።

ቅሬ ለአዲስ አበባ ሰው ዕድር ማለት ነው፤ ጅጌ ደግሞ ደቦ። የወሎ ቅሬ ክርስቲያንና ሙስሊሙን በአንድ ይቀብራል፤ መቃብሩ ቢለያይም ቆፋሪውና ለቀስተኛው አንድ ነው። በማግሥቱ ዶማና አካፋ የያዘ ሰው ሁሉ ወጣ። ሴቶቹ ከሐይቁ ውኃ አመላለሱ። መረባቸው የተወሰደባቸው ዓሣ አጥማጆች ሥራ ፈት ስለነበሩ እንጨት አቀረቡ። ከዚያን ቀን በኋላ በጎ ፈቃደኛው የትኛው፣ ተረጂው የትኛው እንደሆነ ከሩቅ ማወቅ አይቻልም ነበር፤ ሁሉም እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው።

ስለ ምግቡ ላንሳ፣ ሳቅ ስላለበት። ወሎ ውስጥ ጅጌ ሲጠራ አንድ የታወቀ ችግር አለ፤ ክርስቲያኑ የሙስሊም፣ ሙስሊሙ የክርስቲያን ሥጋ አይበላም። ስለዚህ ሁለት ቢላዋ፣ ሁለት ድስት ያስፈልጋል። ታኅሣሥ ግን የነቢያት ጾም ነው። ልጆቹ ከሥጋም ከወተትም የራቁ፣ ሙስሊሙም ሽሮና ምስር የሚጠላ አይደለም። አንድ ድስት ለሁሉ በቃ። የቅሬው ዳኛ «ጌታ ሰዓቱን አይቶ ነው የላካችሁ፤ በፋሲካ ብትመጡ ኖሮ አክስራችሁን ነበር» አላቸው። በቡናው ላይ ደግሞ እቴቴ ዱአ ታደርጋለች፣ ልጆቹ አሜን ይላሉ፤ ከአቦል እስከ በረካ።

ልጄስ? የመጀመሪያውን ቀን እጁ ውኃ ቋጠረ። ሁለተኛውን ቀን አልሄድም አለ፤ እኔም ልተወው ነበር። እናቴ ናት «ጭቃው ይጠብቅሃል» ብላ የሰደደችው። የምሰማቸው ወላጆች ብዙዎቹ ልጆቻቸውን ለበጎ ሥራ የሚልኩት ከነጓንቱ፣ ከነምሳ ዕቃው፣ ከነፎቶ አንሺው ነው። እኔም እንዲያ ነበርኩ። ልጁን ሥራ ያስተማረው ግን እኔ የሰጠሁት ምክር ሳይሆን፣ ዶማ አያያዙን አይቶ የሣቀበት የሠፈሩ ልጅ ነው።

እዚያው ሰሞን ከሌላ ቦታ የተላከ የልብስ ክምር መጣ። ማን እንደላከው አልናገርም፤ በጎ ልብ ይዞ ነው። ውስጡ የሰርግ ቀሚስና ተረከዘ ረጅም ጫማ ነበረበት። የሠፈሩ ሕፃናት ጫማውን አድርገው ጭቃው ውስጥ ሲሄዱ ሳቅን። ነገር ግን የጫኑት ሰዎች ከመሄዳቸው በፊት እናቶቹን አሰልፈው ልብስ አስይዘው ፎቶ አነሷቸው። እቴቴ አልተሰለፈችም። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆችም ስልካቸውን ያወጡ ነበር፤ ያን ቀን ግን አስተባባሪው ኪሳቸው ውስጥ እንዲከቱ ሲነግራቸው ሰማሁ።

ከዚያ ወዲህ የሌላውን አገር ልምድ ሳነብ ትኩረቴ ወደዚሁ ነው የሚሄደው። አሜሪካ ውስጥ ነሐሴ 2005 እ.ኤ.አ. ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ የባሕር ዳሩን ሲመታና ኒው ኦርሊንስ በውኃ ስትዋጥ፣ ቤት መልሰው ከሠሩት መካከል ሜኖናይት የሚባሉት ክርስቲያኖች ይገኙበታል፤ እኛ አገር የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ከእነሱ ሥራ ነው የበቀለችው። ከ1950 ጀምሮ ለአደጋ የሚደርስ ድርጅት አላቸው። ጡረተኛ አናጺና ወጣት እየተፈራረቁ፣ የዜና ሰው ከሄደ በኋላም ለዓመታት እዚያው ቆዩ። የመቆየቱ ነገር ነው የገረመኝ፤ ጭቃችን የሚጠይቀው እሱኑ ነበርና።

መድረስ ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ጎፋ ውስጥ ኬንቾ ሻቻ ላይ መሬት ሲንሸራተት፣ የተቀበሩትን ለማውጣት በእጃቸው ሲቆፍሩ የነበሩ ጎረቤቶች ሁለተኛው ናዳ ወርዶባቸው አለቁ። ከሁለት መቶ በላይ ሰው ሞተ። ከጎረቤት በፊት የሚደርስ የለምና ቀድሞ የሚሞተውም እሱ ሆነ። ያን ሰሞን ልጄ ከጓደኞቹ ጋር ገንዘብ ያዋጣ ነበር። ማታ መጥቶ «ማሚ፣ ምን እንደሚፈልጉ የጠየቃቸው ሰው አለ?» አለኝ። አንዱ ጓደኛው ልብስ እንሰብስብ ብሎ እንደነበር ነገረኝ፤ እሱ የተረከዘ ረጅሙን ጫማ ታሪክ አውርቶ ሐሳቡን እንዳስቀየረው።

የእቴቴ ቤት ያለቀው ለገና ሳይሆን ለጥምቀት ነው። በጎ ፈቃደኞቹ ግማሾቹ ለበዓሉ ሄዱ፤ አናጺዎቹና ነርሷ፣ አስተባባሪውም ጭምር ቀሩ። ዝርዝሩ ላይ ከነበሩት አራት ቤቶች ሦስቱን ብቻ ጨረሱ፤ አራተኛውን ቅሬው በየካቲት አቆመው፤ ቆርቆሮው ሁለት አንሶት ከእናቴ ከብቶች ማደሪያ ላይ ተነቀለ። እናቴ በዚያ ዓመት ስንት ነገሯን እንደነቀለች እንጃ። የማድ ቤቷ መግቢያ እስከ ክረምት በማዳበሪያ ነበር።

ባለፈው ፋሲካ ከልጄ ጋር ሄድን። አሁን ቁመቱ ከጓሮ በሩ ይበልጣልና ጎንበስ ብሎ ነው የገባው። እቴቴ አገላብጣ ሳመችው፣ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ መረቀችው። ቡናው ሳይፈላ ግን ጣቷን ወደ ጣሪያው ቀሰረች። ከምድጃው በላይ፣ ቆርቆሮው ላይ አንድ ሚስማር ተጣሞ ገብቶ ቀዳዳው ሰፍቷል፤ ከሥሩ ጣሳ ተደቅኗል።

«ይሄንን የመታኸው አንተ ነህ» አለችው።

«እቴቴ፣ ያኔ እኮ ልጅ ነበርኩ።»

«አውቃለሁ። ሦስት ክረምት አፈሰሰብኝ። መሰላሉ እናትህ እናት ጓሮ ነው።»

ልጄ እኔን አየኝ። እኔ ስኒ ማጠቤን ቀጠልኩ። ጫማውን አውልቆ በጓሮ በር ወጣ።